ቦሊቪያ ለሚሄድ ሰው የተጻፈ ወረቀት

ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባና በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አወጣዋለሁ። ፀሐይ ይምታው እላለሁ እንጂ በነሐሴ መንዝ ውስጥ ፀሐይ የለም፤ ጉሙ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ይቀመጣል። እርጥበት ሲነካው የበግ ጠጉሩ ይነቃና ይሸታል። መጀመሪያ የበጉ ሽታ ይመጣል፤ እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሱ ሥር ግን ሌላ ጭስ አለ፤ የኛ ኩበት ያልሆነ፣ የኛ እንጨት ያልሆነ። ስንት ጊዜ እንዳጠብኩት እግዜር ይወቀው፣ አልለቀቀም። ባሌ ደምሴ የሞተው ይህን ባና ተከናንቦ ነው፤ የሞተውም ቦሊቪያ በሚባል አገር፣ ከአንድ ሙሉ ውቅያኖስ ማዶ ነው። ባናው ተመለሰ። እሱ እዚያው ቀረ።

ሙት ዓመቱ ፍልሰታ ጾም ላይ ስለሚውል ዝክሩ ቀለል ያለ ነው፤ ንፍሮና ጠላ፣ ለካህናቱ ደግሞ የሽሮ ወጥ። ዘንድሮ ሰዉ ከሄደ በኋላ ጌታነህ ከሴት ልጁ ጋር ቀረ። ጌታነህ የመርሐቤቴ ሰው ነው፤ ከዓለም ከተማ ቁልቁል ወደ ጀማ ወንዝ ከሚወርደው አገር። ከደምሴ ጋር አብሮ ሄዶ ብቻውን የተመለሰው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት ቀርቶ አያውቅም። በየዓመቱ ንፍሮ አቀርብለታለሁ፤ በየዓመቱም አንተ ለምን ተመለስክ የሚለውን ጥያቄ በዓይኔ አቀርብለታለሁ። ንፍሮውን ይበላል፤ ጥያቄውን አቀርቅሮ ያሳልፈዋል።

ልጁ ሰናይት ትባላለች። እናቷ የግሼ፣ የራቤል ሴት ናት፤ ስለዚህ በእናቷ የደጋ፣ በአባቷ የቆላ ልጅ ነች። ስለ ድንች ነው የተማረችው። እኛ ድንች ቀቅለን እንበላለን፣ እሷ ታጠናዋለች።

«እማማ የሺ፣ የድንች አገር ለሥልጠና ጠሩኝ» አለችኝ። «ሦስት ሳምንት። ቦሊቪያ።»

አባቷን አየሁት። ቀና አላለም።

«ያ ወረቀት አሁንም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች። «ጋሽ ደምሴ ሲሄዱ የተሰጣቸው የመንገደኛ ምክር። ባየው ብዬ ነው።»

ወረቀቱ አለ። ከዳዊቱ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፤ ተነሥቼ አወጣሁላት። ሦስት ገጽ ነው፤ በታይፕ የተመታ፤ ጫፉን አይጥ ቀምሶታል። እሷ ታነብ ጀመር፤ እኔ ወረቀቱ እኛ ቤት ወደ ገባበት ዘመን ሄድኩ።

ያኔ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ሻይ በሽልንግ ይጠጣ ነበር። በሽልንግ የሚጠጣው ሻይ ስኳሩ ከታች ስለሚተኛ ሰው ማንኪያ እስኪመጣለት ይጨቃጨቅ ነበር። ጫማ ያለው ሰው ኮንጎ ጫማ ነበረው፣ የላስቲኳን። እሷም በብርድ ትደርቅና ተረከዝ ትበላለች። ወንዶቹ ካኪ ኮት ከላይ፣ ከሱ በላይ ባና፤ እኛ ሴቶች በጥቁር ክር የተጠለፈ ቀሚስ። አውቶቡስ መቆሚያው ጥግ ላይ አንድ ካሴት የሚያጫውት ሱቅ ነበር። ባለ ሱቁ ያለው ካሴት ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ ክሩ ተበጥሶ በፕላስተር ስለተቀጠለ ዘፋኙ ፍቅሩን ሊናገር ሲል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይውጠው ነበር። ዛሬ ያ ጥግ ላይ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። ዘፋኙ ምን ሊል እንደነበር እስካሁን አላወቅሁም።

ደምሴ የጓሳ ተራራን ሣር ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። ጓሳ የሁሉም ነው፤ የሁሉም ስለሆነ ይዘጋል፣ በቀኑ ይከፈታል፤ ከቀኑ በፊት ማጭድ ያስገባ ሰው በሽማግሌ ፊት ይቆማል። ደምሴ በዚህ ላይ ርኅራኄ የሚባል አያውቅም ነበር። የገዛ እኅቱን ልጅ ለአንድ ሸክም ሣር በጉን አሳርዶበታል። ስለ ሣርና ስለ ውሃ የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ይህን ሰምቶ፣ እዚያ ቦሊቪያም የጋራ ግጦሽ የሚጠብቁ የደጋ ሰዎች ስላሉ፣ ሁለት ሽማግሌ ሄዶ ይይ አለ። አንድ ከመንዝ፣ አንድ ከመርሐቤቴ። ከመርሐቤቴ የመጣው ጌታነህ ነው። ዕድሜው ለሽማግሌነት ገና ነበር፤ በአገሩ ግን ለወንዝ ዳር ግጦሽ ዳኛ አድርገውት ነበር። ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ እኛ ቤት ደረሰ፤ የመጨረሻው ዳገት ላይ ሲያለከልክ ሰፈሩ በሙሉ አየው። ደጃችን ሲደርስ ቃል ማውጣት አልቻለም።

«ቆለኛው ገና ሳይሄድ ሞተ!» አልኩ፤ ሰዉ ሣቀ። ጌታነህም ሣቀ፣ ምን ያድርግ።

ደምሴ ዳዊት ያነባል፤ የመሥሪያ ቤት አማርኛ ግን አይገባውም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ሲሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ወረቀቱን ይዤ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ጌታነህ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን በሞቀ ውሃ ይነክራል።

«ተጓዦች በደረሱበት ዕለት ከማናቸውም ከባድ እንቅስቃሴ እንዲቆጠቡ በጥብቅ ይመከራል ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ደርሰህ ተኛ ነው የሚለው።»

«እንግዳ ሆኜ ሄጄ ገና በጠራራ ፀሐይ ልተኛ? ያሰድቡኛል።»

ፓስፖርት በውስጥ ኪስ ይላል፤ ከሸሚዙ ውስጥ በብብቱ በኩል ኪስ ሰፋሁለት። ብርድ ቢሆንም ፀሐዩ ፊት ይልጣል፣ ባርኔጣ ያዙ ይላል፤ ባርኔጣ አለው። የቢጫ ወባ ክትባት ይላል፤ ተወግቶ መጥቶ ሦስት ቀን ክንዱን እንደ ሕፃን አቅፎ ዞሯል። መንገድ በድንገት ሊዘጋ ስለሚችል ትርፍ ቀን ያዙ ይላል። ሰውን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ ይላል፤ ካሜራ የለው። ለሽንት ቤት የሚከፈል ዝርዝር ሳንቲም ከኪሳችሁ አይጥፋ ይላል፤ እዚህ ላይ ደምሴ እንባው እስኪመጣ ሣቀ።

«ለሽንት? ሽንቴን ሰጥቻቸው ደግሞ እኔው ልከፍል?»

ቀጠልኩ። «የላማ ሥጋ በብዛት ይበላል ይላል።»

«ላማ ምንድን ነው?»

«የግመል ዘመድ ነው ይላል።»

«ግመል አልበላም። ዘመዱንም አልበላም። ደግሞስ ጾም አይደል እንዴ?»

«የኮካ ቅጠል ሻይ ለከፍታ ሕመም ይረዳል ይላል።»

«ቅጠል? ጫት ነው በይኛ! ቤተ ክርስቲያን የምስም ሰው ቅጠል ላመነዥክ?»

«ሻይ ነው አሉ ጋሼ» አለ ጌታነህ ከጥግ። «ይጠጣል እንጂ አይመነዠክም።»

«አንተ ጠጣ» አለው ደምሴ።

ከዚያ አንዲት አንቀጽ ላይ ደረስኩ። በቃሌ አውቃታለሁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ተጓዥ ሳይደብቅ ለመሪው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ፣ ወደ ላይ መውጣቱን እንዲያቆም፣ ካልተሻለውም በአፋጣኝ ወደ ዝቅተኛ ቦታ እንዲወርድ። የማይወርድ ሰው ሊሞት ይችላል።

ደምሴ ዞሮ ጌታነህን አየው። እኔም አየሁት። ሁለታችንም አንድ ላይ ሣቅን። በከፍታ የሚሞት ሰው! እኛ እኮ ደመና በራችን የሚገባብን ሰዎች ነን፤ ከዚህ በላይ ያለው እግዜር ብቻ ነው ብለን ነው ያደግነው። እርሳስ አነሣሁና ከአንቀጿ አጠገብ፣ በዳር በኩል፣ «ለቆለኛ» ብዬ ጻፍኩ። ለደምሴ አሳየሁት፤ ለጌታነህም አሳየሁት። ወረቀቱንም፣ ምን ያደርግልሃል ብዬ፣ እኔው አስቀረሁት።

በሄዱበት ጠዋት አውቶቡስ መቆሚያ ድረስ ሸኘኋቸው። ያ ካሴት ይጮኻል። ረዳቱ ጣራው ላይ በግ ያስራል። ደምሴ በመስኮት አንገቱን አወጣ፤ አዲስ ባና፣ አዲስ ባርኔጣ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል መልከ መልካሙ እሱ ነበር። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ምላሴ አያርፍም።

«ደምሴ!» ብዬ ጮኽኩ። «እንደ ቆለኛው ራሴን አሞኛል ያልክ እንደሆነ፣ ይህን ቀሚሴን ለብሰህ ነው ቤቴ የምትገባው!»

አውቶቡሱ በሣቅ ተናጋ። ረዳቱ ጣራ ላይ ሆኖ በእጁ ጣራውን ደበደበ።

«ቀሚሱ ይበቃኛል?» አለ ደምሴ።

«አስፋፋዋለሁ!» አልኩት።

ለባሌ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ለብዙ ዓመታት እንደ ጌጥ ይዤው ኖርኩ። ለቀስተኛ ሲመጣ እናገረው ነበር፤ እየሣቅን ተለያየን እል ነበር፤ ሴቶቹም ታድለሽ ይሉኝ ነበር።

ጌታነህ የተመለሰው ጳጉሜን ላይ ነው። መርዶ ነጋሪዎቹ ገና ጎህ ሲቀድ መጡ። ባናውን ታጥፎ በገመድ ታስሮ ሳየው ገባኝ። አስከሬኑን ለማምጣት የሚጠየቀው ከኛም ከመሥሪያ ቤቱም አቅም በላይ ስለሆነ እዚያው ከላይ፣ ሣሩን የሚጠብቁት ሰዎች መንደር ውስጥ፣ የእነሱ ቄስ ባለበት ተቀበረ አሉኝ። ባናውን አጎዛ ላይ ዘርግተን አለቀስን። ፍትሐቱም ያለ አስከሬን ተፈታ። ጌታነህን አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቅሁት፤ እንዴት ሞተ ብዬ። «ተኝቶ ነው እትዬ። አልተሰቃየም። ልቡ ነው መሰለኝ» አለኝ። ቆለኛው ተርፎ የመንዙ ሰው እንዴት ይሞታል ብዬ እግዜርን ወቀስኩ። ወረቀቱን ግን አልጠረጠርኩም።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሰናይት። ጣቷ ወረቀቱ ላይ ነው። «ለቆለኛ ይላል። ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ያባትሽ ድርሻ ናት።»

ሣቀች። አባቷ አልሣቀም።

እኔም ይህን ሁሉ ሰዓት በሆዴ ሳበስለው የነበረውን ነገር አወጣሁ። ከባናው ጫፍ አንድ የጠጉር ክር መዘዝኩና እጇ ላይ አደረግሁት።

«የኔ ልጅ፣ ከዚያ መንደር ትደርሻለሽ። አባትሽ ስሙን ይነግርሻል። ይህን መቃብሩ ላይ ቅበሪልኝ። ከአፈሩ አንድ እፍኝ አምጪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ሞቴን የሚያቀልልኝ እሱ ነው።»

«እደርሳለሁ እማማ!»

«አትደርስም» አለ ጌታነህ። «ሥልጠናው ከታች ከተማው ነው። መንደሩ ከዚያ በብዙ ይርቃል፣ በብዙም ይወጣል። ከተማው ራሱ ከኛ ከጓሳ አናት ይበልጣል። መጀመሪያ ከተማው ውስጥ ጥቂት ቀን ትቀመጥና፣ ራሷን ካላመማት ብቻ...»

«ራሷን!» አልኩ። «የራቤል ሴት ልጅ እኮ ናት ጌታነህ። የናቷ ደም ያወጣታል። አንተን የመሰለች እንደሆነስ ትመለስ፤ ቀሚስ እንደሆነ ለብሳለች።»

ሰናይት ሣቀች። «እኔን ከፍታ አይነካኝም አባባ፤ በእናቴ ደገኛ ነኝ» አለች።

ጌታነህ የጠላውን ዋንጫ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ የሺ፣ እስከ ዛሬ ዋሽቼዎታለሁ» አለ። «ዛሬ ግን ልጄን አስቀምጠው ያንኑ ቃል አስተማሩብኝ። እንግዲህ ይስሙት፤ አንቺም ስሚ።»

ፊቱን ወደ ልጁ አዞረ፤ እኔን እያየ አልተናገረም።

«እኔ የደረስን ዕለት ራሴን ፈለጠኝ። ነገርኳቸው። አስተኙኝ፣ ያንን ሻይ አጠጡኝ፣ ቀስ ብለህ ሂድ አሉኝ፤ ቀስ አልኩ። ጋሼ ደምሴ ሣቀብኝ። በሳምንቱ ወደ መንደሩ ወጣን። ቀትር ላይ ደረስን። ምሳ አልበላም፣ ጾም ነው አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ጾሙ ተፈታ፣ ድንች አቀረቡ፤ አሁንም እምቢ አለ። ግንባሩን በነጠላ አሰረ። ሲነሣ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ራስህን ነው አይደል አልኩት። ብርድ ነው አለኝ። ለመሪያችን ልንገርልህ ብዬ ስነሣ እጄን ለቀም አደረገኝ። ተው ጌታነህ፣ የሺ ቀሚሷን ታለብሰኛለች አለኝ።»

«እየሣቀ ነው?» አልኩ።

«አልሣቀም እትዬ።»

ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ለጥቂት ጊዜ ምንም መስማት አልቻልንም።

«መኪና ነበር?» አልኩት ጮክ ብዬ።

«ደጅ ቆሟል። ብንወርድ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።»

«ታዲያ አንተ ምን ሠራህ?»

አሁን ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አየኝ።

«ዝም አልኩ። ከመንዝ ጀምሮ የሣቃችሁብኝ ሰው ነኝ። ትንሽ ይቅመሳት ብዬ ነው። ጠዋት ራሱ ይናገራል፣ ያኔ እኔ እስቅበታለሁ ብዬ ነው። ጎህ ሲቀድ ባናውን ገለጥኩት።»

ሰናይት አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። እኔ አላለቀስኩም። ልናገር የምችለውን ክፉ ነገር ሁሉ እየመረጥኩ ነበር።

«ይህን ሁሉ ዓመት ንፍሮዬን እየበላህ!» አልኩት።

«እርስዎስ ይህን ሁሉ ዓመት በዓይንዎ እየበሉኝ?» አለኝ።

ሁለታችን አንድ ሰው ገድለን፣ በየዓመቱ ፊት ለፊት ተቀምጠን ተዝካሩን ስንበላ ኖረናል። እሱ ግን ያውቅ ነበር፤ ስለ ራሱም ስለ እኔም ያውቅ ነበር። የኔን ደብቆልኝ ኖሯል። ይህንን እንደ ደግነት ልቁጠረው ወይስ እንደ ጭካኔ፣ እስካሁን አልወሰንኩም። ዛሬም የተናገረው ለኔ አዝኖ አይደለም። ልጁን ሊያስፈራራ እኔን አረደ። እኔም ልጅ ቢኖረኝ አደርገው ነበር።

«እማማ፣ ልውጣ ወይስ ልተው?» አለች ሰናይት። ክሩ አሁንም እጇ ላይ ነው።

ውጪ ማለት ፈልጌ ነበር። ሁሉን ከሰማሁ በኋላም ፈልጌ ነበር። ያ አፈር በእጄ ቢገባ ምን እንደማደርግበት ሳይቀር አስቤ ጨርሻለሁ።

«ውጪ» አልኳት። «ራስሽን ያመመሽ እንደሆነ ግን ንገሪና ውረጂ። መቃብሩ በር ላይ ደርሰሽም ቢሆን ውረጂ።» አፌ ተናገረው እንጂ ልቤ ከአፌ ጋር አልነበረም።

ወረቀቱን አልሰጠኋትም። ሦስት ቀን ፈጅቼ በራሴ እጅ ገለበጥኩላት፤ ዓይኔም እጄም እንደ ድሮው አይደለም። በቀላል አማርኛ ነው የጻፍኩት። ደርሰሽ ተኚ። በመጀመሪያው ቀን ሆድሽን አትሙዪ። ውሃ ሳይጠማሽ ጠጪ። ሻዩን ጠጪ፣ ጫት አይደለም፤ ቅጠሉን ግን ይዘሽ እንዳትመለሺ፣ አየር ማረፊያ ላይ ያስይዝሻል። ልብስሽን ደራርቢ፤ ቀን ይሞቃል፣ ፀሐይ ስትገባ እንደኛው አገር ብርዱ ይጠነክራል። ለሽንት ቤት ሳንቲም ያዢ። በብርድ አድርቀው የሚያቆዩት ጥቁር ድንች አለ፣ ለጾም ይሆናል፤ አባትሽ ጣዕሙ እንደ ጭቃ ነው ይላል፣ አንቺ ግን የተማርሽው ስለሱ ነውና ብዪው። ሴቶቻቸው የወንድ ባርኔጣ ያደርጋሉ፣ አፍጥጠሽ አትዪያቸው። ከዚያ የራስ ምታቷ አንቀጽ ላይ ስደርስ ቃል በቃል ገለበጥኳት፤ ዳሩን ባዶ ተውኩት።

ጌታነህ ወረቀቱን ሊወስድ መጣ። አልተቀመጠም፤ እኔም ተቀመጥ አላልኩትም። በሩ ላይ ተቀበለኝና አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «በሚቀጥለው ነሐሴ ልምጣ?» አለኝ። «ንፍሮው አይቀርም» አልኩት።

ሰናይት በሄደች በአሥራ አንደኛው ቀን መልእክቷ ደረሰኝ። የአጥሩን በር እዘጋ ነበር፤ እዚያው ቆሜ ስልኩን አርቄ ይዤ አነበብኩት። እማማ፣ ዛሬ ወደ መንደሩ እየወጣን ነበር፣ ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። ራሴን አመመኝ፣ አስመለሰኝም። ነገርኳቸው። ወዲያው መኪናውን አዙረው አወረዱኝ፤ አሁን ተሽሎኛል። መቃብሩ ጋ አልደረስኩም፤ ሁለተኛም አያወጡኝም። ክሩ ከኔ ጋር ነው። ይቅር ይበሉኝ።

እግዜር ይመስገን አላልኩም። በመጀመሪያ ከጉሮሮዬ የመጣው ያው የድሮው ሣቅ ነው፤ ከሣቁም በኋላ ያው የድሮው ቃል፣ ቀሚሱ ሳይቀር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ እየታያት! አፌን በግራ እጄ ጥርቅም አድርጌ ያዝኩ። ማንም በአጠገቤ አልነበረም፤ የሚሰማኝ አልነበረም፤ ግን ያዝኩት።

በቀኝ እጄ፣ በአንድ ጣት፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለግሁ፣ «ደግ አደረግሽ» ብዬ ጻፍኩላት። ጽፌ እስክልክላት ድረስ ግራ እጄን ከአፌ ላይ አላነሣሁም።